ነግድና ነጋዴ፤ በደጅ ስለ ወደቀው ድኃ የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 16 ከቍጥር 19 ጀምሮ የተጻፈው የባለጸጋውና የአልዓዛር ነገር በቤተ ክርስቲያን ሁሉ የታወቀ ነው። መምህራንም ባለጸጋውን ነዌ ብለው ሲጠሩት ኖረዋል። ይህ ምዕራፍ በተነበበ ጊዜ በዐውደ ምሕረት የሚሰማው ስብከት ብዙውን ጊዜ በሁለት ቃል ይፈጸማል፤ ድኃ ሆይ ታገሥ፥ ባለጸጋ ሆይ መጽውት ይባላልና። ሁለቱም ቃል እውነት ነው። ነገር ግን ስብከቱ በዚህ ብቻ ሲቆም የምዕራፉ ዋና ነገር ሳይነገር ይቀራል፤ ሰሚውም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያን ሳንቲም ሰጥቶ ወንጌሉን የፈጸመ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመሸ ጊዜ ግን ሰጪውም ተቀባዩም እንደየቦታቸው ያድራሉ፤ አንዱ በአልጋው፥ አንዱ በደጅ።

እንግዲህ የሚመረመረው ነገር ይህ ነው። ቤት ለሌለው ሰው ወንጌል የሚያዘው ምጽዋትን ብቻ ነው ወይስ መቀበልን ነው? ይህም በመጽሐፍ ቃልና በሐረር ከተማ በሚታየው ነገር ይመረመራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ነዌ ኃጢአት

ነዌ ድኃውን መታው፥ ሰደበው፥ ከደጁ አባረረው ተብሎ አልተጻፈበትም። ሀብቱን በቅሚያ አከማቸ የሚል ቃልም በምዕራፉ አይገኝም። የተነገረበት ይህ ነው፤ ቀይ ሐርና ቀጭን በፍታ ይለብስ ነበር፥ ዕለት ዕለትም ደስ ብሎት ይመገብ ነበር፥ አልዓዛርም በቍስል ተመትቶ በደጁ ወድቆ ነበር። ውሾች መጥተው ቍስሉን ይልሱት ነበር። እንዲህ ከሆነ ነዌ በምን ተኰነነ ቢሉ፥ ምላሹ በቍጥር 24 ይገኛል። በሲኦል ሆኖ በለመነ ጊዜ ድኃውን በስሙ ጠራው፤ አልዓዛርን ላክልኝ አለ። ስሙን ያውቅ ነበርና። ስሙን ያወቀው በሲኦል አይደለም፥ በደጁ ሳለ ነው። ሲወጣና ሲገባ አይቶታል፥ ማን እንደ ሆነም ጠይቆ ወይም ሰምቶ ዐውቋል። ዐውቆት ሳለ ከደጅ ወደ ቤት አላስገባውም። እንግዲህ የነዌ ፍርድ ድኃን ባለማየት የመጣ አይደለም። አይቶ በመልመድ፥ በደጅ መውደቁን የደጁ ሥርዓት አድርጎ በመቍጠር የመጣ ነው።

ደጅ የተባለውም በአንድምታ ሥርዓት ሲተረጐም ከአንድ በላይ ነው። ደጅ የቤቱ ደጅ ነው፤ ከእልፍኝና ከማዕድ አጠገብ ሆኖ ከሁለቱም የተለየ ቦታ ነውና። አንድም የከተማ በር ነው፤ ሽማግሎች ለፍርድ፥ ነጋዶች ለገበያ የሚቀመጡበት ነውና። አንድም ደጀ ሰላም ነው፤ ምእመናን ለቅዳሴ የሚያልፉበት ነውና። በሦስቱም ደጅ የወደቀ ሰው አለ፤ በሦስቱም ደጅ የሚያልፍ ሰው አለ።

የአልዓዛርም ዕረፍት በአብርሃም እቅፍ ሆነ። ጻድቃን ብዙ ሳሉ ስለ ምን አብርሃም ተለየ ቢሉ፥ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበርና ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈ፥ በቀትር ጊዜ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎችን ባየ ጊዜ ሊቀበላቸው ሮጠ። እርሱም በደጅ ነበረ፥ ነዌም ደጅ ነበረው፤ ነገር ግን አብርሃም በደጅ የተቀመጠው እንግዳ እንዳያልፈው ነው። ስለዚህ በምድር ቤት ያጣው ሰው በሰማይ ቤቱን ለእንግዳ በከፈተው ሰው እቅፍ ዐረፈ።

ስለ ነግድ ቃል

ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲናገር ስድስት ነገር ቈጠረ፤ ረኀብን፥ ጥምን፥ እንግድነትን፥ ዕርቃንን፥ ሕመምንና እስራትን። ለተራበ ሰው በእጅ ያለ እንጀራ ይሰጡታል፤ ለተጠማ ውኃ ይቀዱለታል፤ ለታረዘ ከልብስ ትርፉን ያወጡለታል፤ የታመመውንና የታሰረውን ሄደው ጠይቀው ይመለሳሉ። በእነዚህ በአምስቱ ሰጪው ቤቱን እንደ ያዘ ምሕረትን ማድረግ ይችላል። በሦስተኛው ግን ቤቱ ራሱ ይጠየቃል። ጌታም እንግዳ ሳለሁ መጸወታችሁኝ አላለም፤ ተቀበላችሁኝ የሚል ነገር ተናገረ እንጂ። ስለዚህ ምእመናን አምስቱን ሲፈጽሙ ሦስተኛውን በሳንቲም ለውጠው ቢያልፉት፥ ከስድስቱ እጅግ የሚከብደውን ትተዋል ማለት ነው።

በግዕዝ እንግዳ ነግድ ይባላል። ነገደ ማለት ተጓዘ፥ መንገድ ሄደ፥ ሸቀጠ ማለት ነው። ከዚህ አንድ ግሥ እንግዳ ወጣ፥ ነጋዴ ወጣ፥ መንገድም ወጣ። በቃሉ ዘንድ እንግዳና ነጋዴ ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር በር የሚቆሙ ናቸውና። በሰው ልማድ ግን ተለያይተዋል። ጭነት ያለው በር ሲደርስ ነጋዴ ተባለና ገባ፤ ጭነት የሌለው በር ሲደርስ ለማኝ ተባለና በደጅ ቀረ። የለያቸው በጀርባቸው ያለው ሸክም ነው እንጂ ፍጥረታቸው አይደለም።

ስለ ሐረር ግንብና በሮች

ይህን ነገር ለማየት ከሐረር የበለጠ ከተማ አይገኝም። ጁገል የሚባለው የሐረር ግንብ በዐሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ተሠራ፤ ዙሪያውም ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የጥንት በሮቹ 5 ናቸው፤ እነርሱም ሸዋ በር፥ ፈላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በርና ቡዳ በር ናቸው። ኋላም ለአውቶሞቢል መተላለፊያ ሐረር በር የሚባለው ተጨመረ። ከሸዋና ከኦጋዴን፥ ከዘይላና ከበርበራ ጠረፍ የመጣ ነጋዴ ቡናውንና ጨውን፥ ቈዳውንና ልብሱን ጭኖ በእነዚህ በሮች ሲገባ ኖሯል። ከተማይቱ በንግድ ተሠራች፥ በንግድም ከበረች፤ የነገደ ሰው ከተማ ናት። በ2006 ዩኔስኮ ግንቧንና ቤቶቿን ከዓለም ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቧል።

ግንቡ የተሠራው ከጦርነት ለመጠበቅ ነው። በሮቹም በሌሊት የሚዘጉት ስለዚህ ነበር። ዛሬ ሌሊት የሚዘጋ በር የለም፤ ከተማውም ከግንቡ ወጥቶ ሰፍቷል። ነገር ግን በቀድሞው ዘመን ከመሸ የደረሰው መንገደኛ ያድርበት እንደ ነበረው፥ ዛሬም በግንቡ ጥግ፥ በሱቅ በረንዳ፥ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚያድር ሰው አለ። ከእነርሱም መካከል በገጠር መሬት ያጣ አለ፤ ከቤተ ሰቡ የተለየ ሕፃን አለ፤ ልጆቿን የቀበረች አሮጊት አለች፤ አእምሮው የታወከ አለ። በወጣትነቱ የነጋዴውን ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ በእነዚያው በሮች ሲመላለስ የኖረ፥ ወገቡ በተሰበረ ጊዜ ግን በበሩ ሥር የቀረ ሰውም አለ። ይህ ሰው ጭነቱን ተሸክሞ ሲገባ በሩ አልተዘጋበትም።

በሐረር ግንብ ሥር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ጅቡ በሌሊት ገብቶ የከተማውን ጥራጊ እየበላ ይወጣል፤ ከግንቡም ውጭ ማታ ማታ ሥጋ የሚያጐርሱት ሰዎች አሉ፥ ይህንንም ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። ይህ ልማድ የሚነቀፍ አይደለም። ሰው ከአውሬ ጋር እንኳ ቃል ኪዳን እንደ ገባ ሆኖ በሰላም መኖር እንዲችል ያሳያልና ይደነቃል። ነገር ግን ለጅብ መግቢያ የታሰበላት ከተማ ለሰው ማደሪያ ማሰብ አይሳናትም። በአልዓዛር ዘንድ ውሾች ነበሩ፤ በሐረርም በበረንዳ የተኛው ሰው የጅቡን ድምፅ እየሰማ ያነጋል።

ቤት ማጣትም የአንድ ዓይነት ሰው ዕጣ አለመሆኑን የቅርብ ዘመን ነገር አስረድቷል። በ2017 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎች በሐረር አጠገብ በሐማሬሳ መጠለያ ገቡ። እነዚህ ሰዎች ትናንት ቤትና ሱቅ፥ ከብትና ማሳ የነበራቸው ናቸው። ነጋዴው በአንድ ሌሊት ነግድ ሆነ። ይህን ያየ ሰው በደጅ የወደቀውን ሲያይ እኔ ከዚህ የተለየሁ ነኝ ሊል አይችልም።

ቀድሞ የተደረገ መልካም ነገር

በሐረር መቀበል ፈጽሞ አልተደረገም ማለት ሐሰት ነው። በ1901 ራስ መኰንን ሐረርን ይገዙ በነበረ ጊዜ የካፑቺን መነኮሳት በሐረር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ አቋቋሙ፤ በኢትዮጵያም ለእንዲህ ያለ ሕሙም የተሠራ የመጀመሪያው ቤት ይህ ነው። በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከሁሉ ይልቅ ቤት የለሽ ነበር፤ ዘመዱም ሳይቀር ይሸሸው ነበርና። ኋላም በሐረር እነዚህን ሕሙማን ያክም የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ፌሮን ባሰማው ጥሪ ምክንያት በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ በ1957 የረድኤት ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1958ም ከሐረር በስተ ምሥራቅ የቢሲድሞ ሕክምና ቤት ተመሠረተ። በአዲስ አበባም በ2010 የተቋቋመው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በጎዳና የወደቁትን ከጎዳና አንሥቶ ወደ ቤት የሚያስገባ ነው።

ከጥንት አባቶችም ታላቁ ባስልዮስ በ370 ዓመት ገደማ ከቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለመንገደኞች፥ ለድኆችና ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ማደሪያና መታከሚያ ሠራ። ሥራውም ከመስፋቱ የተነሣ ባስልያድ ተብሎ በስሙ ተጠራ። እነዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ቤት ሲሠራ የቀረው ምእመን ነገሩ ከእጁ የወጣ ይመስለዋል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ400 ዓመት ገደማ በቍስጥንጥንያ የሐዋርያትን ሥራ ሲተረጕም ይህንኑ ገሠጸ። ቤተ ክርስቲያን ለእንግዶች ገንዘብ አላት፥ ማደሪያም አላት እያሉ የሚያመካኙትን፥ ሌላው ስለ ጸለየ አንተ ጸሎትን ትተዋለህን በሚል ነገር ዘለፋቸው፤ እያንዳንዱም በቤቱ ውስጥ አንዲት ክፍል ለክርስቶስ ለይቶ እንዲያኖር መከረ። ትምህርቱም ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ያረጀ አይደለም።

ስለ ተቃዋሚዎች ምክንያት

ወንጌሉ እንዲህ ሲተረጐም የሚነሡ ምክንያቶች አሉ፤ እነርሱም ከመጽሐፍ የተወሰዱ ስለሆኑ ከመጽሐፍ ሊመለሱ ይገባል።

የመጀመሪያው፤ ድኆች ሁልጊዜ ይኖራሉ ተብሎ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 12 ተጽፏልና ድኅነት አይጠፋም፥ መድከም ከንቱ ነው የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ጌታ ቃሉን ከወዴት እንዳመጣው አላየም። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 15 ቍጥር 11 ድኃ ከምድር እንደማይጠፋ ይነገርና፥ ስለዚህ እጅህን ለወንድምህ ክፈት የሚል ትእዛዝ ያንኑ ተከትሎ ይመጣል። የድኃ መኖር ለመስጠት ምክንያት ሆኖ የተነገረውን ላለመስጠት ምክንያት ማድረግ ቃሉን ከመካከል መቍረጥ ነው።

ሁለተኛው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛይቱ የተሰሎንቄ መልእክት በምዕራፍ 3 የማይሠራ አይብላ ብሏል የሚል ነው። ሐዋርያው የተናገረው ሊሠራ ስለማይወድ ሰው ነው። ሽማግሌው፥ ዕውሩ፥ አእምሮው የታወከው፥ ሕፃኑ በማይወዱት ወገን አይቈጠሩም። ሊሠራ የሚችለውም ቢሆን የሚታጠብበትና የሚያድርበት ከሌለው የሚያሠራው ጌታ አያገኝም፤ ሥራ ቤትን እንደሚሰጥ፥ ቤትም ሥራን ይሰጣልና።

ሦስተኛው፤ ከለማኞች መካከል አታላይ አለ የሚል ነው። መምህራን ስለ አብርሃም ሲያስተምሩ ሰይጣን የተደበደበ ሰው መስሎ በመንገድ ቆሞ፥ አብርሃም ተለውጧል፥ እንግዳ ይመታል እያለ መንገደኞችን እንደ መለሰ፥ አብርሃምም ሦስት ቀን እንግዳ ቢያጣ ሳይበላ እንደ ቈየ ይናገራሉ። በዚህ ትምህርት እንግዳና ባለቤት እንዳይገናኙ በመካከል የሚቆመው ሐሰተኛው ሰይጣን ነው። አብርሃምም እንግዳ ቢቀርበት ድንኳኑን አልዘጋም፤ በሦስተኛው ቀን ሥላሴን ተቀበለ። ስለ አንድ አታላይ ፈርቶ በሩን የዘጋ ሰው ከአታላዩ ጋር እውነተኛውንም ይከለክላል።

አራተኛው፤ በሐረር በደጅ ከወደቁት ብዙዎቹ ክርስቲያን አይደሉም የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የደከመ ምክንያት ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 የቈሰለውን በአህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ያገባው፥ ስለ ማደሪያውም ዋጋ የከፈለው ሳምራዊ ነው፤ ካህኑና ሌዋዊው አልፈውት ሄደዋል። ይህም ለካህናት የተጻፈ ስለ ሆነ በካህናት ዘንድ በፍርሃት ሊነበብ ይገባዋል። በ615 ዓመትም የመሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ ክርስቲያኑ ንጉሥ ተቀበላቸው፤ ላሳደዷቸውም አሳልፎ አልሰጣቸውም። እስላሞች እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ንጉሥ በምስጋና ያነሡታል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ግንብ ውስጥ በሚገኙባት በሐረር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይፈለግም።

አምስተኛው፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው የሚል ነው። መንግሥት የድርሻው አለበት፤ መኳንንትም በፍርዱ ቀን ስለ አገዛዛቸው ይጠየቃሉ። ነገር ግን በማቴዎስ 25 በቀኝና በግራ የሚቆሙት በተቀበሉትና ባልተቀበሉት ሰው ይፈረድባቸዋል እንጂ ሌላው ሰው ባደረገው አይፈረድላቸውም።

ስለ ካህናትና ስለ ሰንበቴ ቤት

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ይደረግ የሚል ሰው ቢኖር ምላሹ ሩቅ አይደለም።

በሀገራችን ሥርዓት መንገደኛ በመሸበት ቦታ ቤት ለእንግዳ ብሎ ይጣራል፤ ባለቤቱም ቤት የእግዚአብሔር ነው ብሎ ይመልሳል። በዚህች በአጭሯ ምላሽ ታላቅ ትምህርት አለባት፤ ባለቤቱ ቤቱን የራሱ አላደረገምና። ይህን ቃል ከገጠር ወደ ከተማ የመጣው ምእመን ረስቶታል፤ በከተማ ቤት ለእንግዳ ብሎ የሚጣራ ቢገኝ ዘበኛ ይወጣበታል።

ካህናት ግን ሊረሱት አይገባም። ዛሬ መምህር፥ መሪጌታ፥ ቄሰ ገበዝ ከሚባሉት ብዙዎቹ በልጅነታቸው ለትምህርት ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው፥ አኵፋዳ አንግተው በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ለምነው፥ ውሻ እየነከሳቸው፥ በደሳሳ ጎጆ እየተኙ ያደጉ ናቸው። የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ በኢትዮጵያ ተጠብቆ የኖረው ቤት በሌላቸው ልጆች አፍ ነው። እንግዲህ በደጀ ሰላም የተቀመጠውን ነዳይ ሲያይ ካህን የሚያየው የራሱን የተማሪነት ዘመን ነው።

በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ሰንበቴ ቤት አለ። ጣራ አለው፥ ግድግዳ አለው፥ መደብ አለው። በሰንበት ማኅበርተኞች ጸበል ጸዲቅ ይቀምሱበታል፤ ከተረፈውም ለነዳያን ይሰጣል። በቀሩት ቀኖች ግን፥ ይልቁንም በሌሊት፥ ብዙው ሰንበቴ ቤት ተቈልፎ ያድራል፤ ነዳያኑም ከአጥሩ ውጭ ያድራሉ። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 14 ጌታ ግብዣ የሚያደርግ ሰው ድኆችንና አንካሶችን፥ ጕንድሾችንና ዕውሮችን እንዲጠራ አዘዘ። መጥራት ማለት ወደ ማዕድ ማቅረብ ነው፤ ትርፉን ወደ ውጭ መላክ አይደለም። ስለዚህ ሰንበቴ ቤቱ በክረምትና በብርድ ሌሊት ለሚያድርበት ሰው ቢከፈት፥ ከማኅበርተኞችም ሁለት ሁለት ሰው በተራ ቢያድርና ቢጠብቅ፥ ያለ አዲስ ሕንፃና ያለ ብዙ ገንዘብ የመጀመሪያው ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

ቅዱስ ስፍራ ይረክሳል የሚል ቢኖር፥ ሰንበቴ ቤት መቅደስ አይደለም። መቅደስም ቢሆን፥ ዳዊትና ከእርሱ ጋር የነበሩት በተራቡ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ኅብስት እንደ በሉ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 12 አስታውሷል።

ከጣራውም ጋር ሁለት ነገር ይፈለጋል። አንደኛው የንስሐ አባት ነው። ባለ ቤት የሆነ ክርስቲያን ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባ፥ በሕመሙ የሚጠይቀው የንስሐ አባት አለው፤ ቤት የሌለው ግን ካህን የሚገባበት ደጅ ስለሌለው ያለ አባት ይኖራል። ደብሩ በአጥሩ ዙሪያ ለሚያድሩት ክርስቲያኖች አንድ ካህን ቢለይላቸው፥ ክርስቲያን ላልሆኑትም ደግ ጎረቤት ቢሆንላቸው፥ ስማቸውንና አገራቸውን ቢያውቅ፥ ዘመድ ያለውን ከዘመዱ ማገናኘት፥ የታመመውንም ወደ ሐኪም ማድረስ ይቻላል። ሁለተኛው ዕድር ነው። የከተማው ሰው ሲሞት ዕድርተኞች ድንኳን ይተክሉለታል፥ ይቀብሩታል፤ በደጅ የሚሞተው ግን አልቃሽ የለውም። ዕድሮች ከአባልነት መዋጮ ነጻ የሆነ ስፍራ ለጥቂት ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ቢተዉ፥ ከኪሳቸው የሚጐድል ትንሽ ነው፤ ጦቢትም በመጽሐፉ የተመሰገነው በየአደባባዩ የወደቀውን ሬሳ አንሥቶ በመቅበሩ ነው።

መኳንንትና ባለጸጎችም ከኢዮብ ይማሩ። በመጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 31 ቍጥር 32 ኢዮብ ስለ ጽድቁ ሲከራከር መጻተኛ በሜዳ እንዳላደረ፥ ደጁንም ለመንገደኛ እንደ ከፈተ ተናገረ። ከብቱንና ምጽዋቱን ቈጥሮ አላበቃም፤ ደጁ ክፍት እንደ ነበረ አስመሰከረ። ታላቅ ግቢ ያለው ሰው ከግቢው አንዲት ክፍል ለአንድ ሽማግሌ ቢለይ፥ ስለ ነፍሱ ከሚደግሰው ተዝካር የሚያንስ ዋጋ ያወጣል፤ በሕይወቱ ሳለም ፍሬውን ያየዋል።

ፍጻሜ

የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 13 በመጀመሪያው እንግዳ መቀበልን እንዳይረሱ ያዝዛል፤ በዚህ ምክንያት ሳያውቁ መላእክትን የተቀበሉ አሉና። በዚያው ምዕራፍ በቍጥር 12ና 13 ኢየሱስ ከበር ውጭ መከራን እንደ ተቀበለ፥ ምእመናንም ነቀፋውን ተሸክመው ከሰፈር ውጭ ወደ እርሱ እንዲወጡ ይነግራል። ሁለቱ ነገር በአንድ ምዕራፍ መገኘቱ በከንቱ አይደለም። በር ሳያገኝ በበረት የተወለደው፥ ለራሱ ማስጠጊያ የለኝም ያለው፥ በኋላም ከከተማ በር ውጭ የተሰቀለው እርሱ ነው። እንግዲህ በሐረር በሮች በደጅ የሚያድረውን ሰው የሚቀበል፥ ከበር ውጭ ያለውን ጌታ ወደ ቤቱ ያስገባል። የሚያልፈውም ነዌን ይመስላል፤ ስሙን ያውቃል፥ ደጁን ግን አይከፍትለትም።

በሰንበት ከቅዳሴ የወጣ ሰው በደጀ ሰላም ለተቀመጠው ሳንቲም መስጠቱን አይተው፤ ከመስጠቱ በኋላ ግን ቆም ብሎ ስምህ ማን ነው፥ ዛሬ ማታስ የት ታድራለህ ብሎ ይጠይቀው። የመቀበል መጀመሪያው ይህ ጥያቄ ነው፤ ፍጻሜው ደግሞ ሰንበቴ ቤቱ በሌሊት ሲከፈት ይታያል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።